የመልእክቶች የጅምላ ቅበላ እና የጊዜ ልኬት ታማኝነት

በኔትወርክ ምርምር ፍጥነትን ለመጨመር የሚወሰድ እርምጃ የልኬቱን ትክክለኛነት ሊያጓድል ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው «ሬክቭኤምኤምኤስጂ» የተባለው የሊኑክስ የሥርዓት ጥሪ ነው። ይህ ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው የከርነል እትም 2.6.33 ጀምሮ የሚገኝ ሲሆን፣ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጥሪ ብዙ መልእክቶችን ከሶኬት እንዲረከብ ያስችላል።

ጥቅሙ አያጠያይቅም። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ የኢተርኔት መስመር ላይ ባለ 64 ባይት ፍሬሞች ያለማቋረጥ ቢላኩ፣ በሰከንድ 1.488 ሚሊዮን ያህል ይደርሳሉ። እያንዳንዱን በተናጠል የሚረከብ ፕሮግራም በየ672 ናኖሰከንዱ ወደ ከርነል ገብቶ መውጣት ይጠበቅበታል። 64 መልእክቶችን በአንድ ጥሪ የሚረከብ ግን የጥሪዎቹን ቁጥር በሰከንድ ወደ 23 ሺህ ያወርዳል።

ችግሩ የሚጀምረው የመልእክቱ መድረሻ ሰዓት ጥሪው ከተመለሰ በኋላ ሲመዘገብ ነው። በአንድ ጅምላ የመጡ መልእክቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ይጻፍላቸዋል። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ይጠፋል፤ በሁለት ጅምላዎች መካከል ደግሞ በኔትወርኩ ላይ ያልነበረ ዝላይ ይታያል። አንባቢው የኔትወርኩ ጠባይ ነው ብሎ የሚወስደው ውጤት፣ በእርግጥ የተቀባዩ ፕሮግራም አሠራር ነው።

የጥሪው አጠቃቀምም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። ጥሪው በመደበኛ ሁኔታ የተጠየቀው ቁጥር እስኪሞላ ድረስ ይጠብቃል። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት የሚልክ የድምፅ ጥሪ ቢሆን፣ 64 መልእክት ለመሙላት ከ1 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። የጊዜ ገደብ መስጠትም አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም። የጥሪው መመሪያ ገጽ ራሱ እንደሚያስረዳው፣ ገደቡ የሚመረመረው አንድ መልእክት ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ሳይሞላ ላኪው ዝም ካለ ጥሪው ገደቡን አልፎ ያለ ፍጻሜ ሊጠብቅ ይችላል። «ዌይት ፎር ዋን» የተባለው አማራጭ ይህን ያስቀራል፤ አንድ መልእክት ከተገኘ በኋላ ጥሪው በሶኬቱ ወረፋ ያለውን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ሆኖም በዚህ አማራጭ የጅምላው መጠን ከጭነቱ ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ጭነት ሲቀንስ ጅምላው ወደ አንድ መልእክት ይወርዳል፤ ሲበዛ ይተልቃል። ስለዚህ የሰዓት ስሕተቱ ቋሚ ስላልሆነ በመጨረሻ ተቀንሶ ሊታረም አይችልም። ይልቁንም ተመራማሪው ሊያጠናው በሚፈልገው የመጨናነቅ ሰዓት ከፍ ይላል።

ዓላማው በሰከንድ የሚስተናገደውን የመልእክት ብዛት ማወቅ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ አያሳስብም የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። መከራከሪያው ልክ ነው፤ ነገር ግን ያው ፕሮግራም መዘግየትን ለመለካት ሲውል ልክነቱ ያበቃል። የአማካይ ፍጥነት ሠንጠረዥ የመዘግየትን ሥርጭት ሊተካ አይችልም።

መፍትሔው የጅምላ ቅበላን መተው አይደለም። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፓኬት የመድረሻ ሰዓት እንዲመዘግብና ከመልእክቱ ጋር እንዲያስረክብ በሶኬቱ ላይ ማዘዝ ይቻላል፤ የኔትወርክ ካርዱ የሚፈቅድ ከሆነም ሰዓቱን በሃርድዌሩ ላይ መመዝገብ የተሻለ ነው። ከዚህም ባሻገር የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች የዘዴ ክፍል ሦስት ነገሮችን በግልጽ ማስፈር ይገባዋል፦ የተፈቀደውን ከፍተኛ የጅምላ መጠን፣ በእያንዳንዱ ጥሪ በእርግጥ የተመለሰውን የመልእክት ብዛት ሥርጭት፣ እንዲሁም ሰዓቱ የተመዘገበበትን ቦታ። እነዚህ ሦስቱ በጽሑፍ ከአንድ አንቀጽ አይበልጡም፤ ካልተገለጹ ግን ሌላ ተመራማሪ ሙከራውን ደግሞ የተለየ ውጤት ሲያገኝ፣ ልዩነቱ ከኔትወርኩ ይሁን ከፕሮግራሙ መለየት አይችልም።