«ልምምድ ነው» እየተባለ ስለሚበላ ጉልበት

ወጣቶች ሆይ፤ በአውቶቡስ ተራ በኩል ወደ መርካቶ የሚገባ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ያነባል፤ ዝቅ ብሎ ቢመለከት ጓዙን የተሸከመ መንገደኛ ማደሪያ ሲጠይቅ ያያል። እንግዳን በገንዘብ ማሳደርና ማብላት በዚህ ሰፈር የቆየ ሥራ ነው። እንግዲያውስ እዚሁ ተወልዳ ይህንኑ ሥራ በትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ብናይ፣ ነውሩ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ይህን የምጽፈው ከወሬ ተነሥቼ አይደለም። ልጅቱ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ እናቷ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። የሆቴል አስተዳደር ትምህርቷን ወደ መጨረስ ስትደርስ፣ ተማሪዎቹ አፓረንትሺፕ ወደሚሉት ልምምድ ተላከች። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ንጹሕ የሆኑ ይመስላቸዋልና። አራት ወር ቆየች። ምን ተማርሽ ብትባል ብርጭቆ መወልወል፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ማጠፍ፣ ሽንኩርት መላጥ ብላ ትመልሳለች። የእንግዳ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከግምጃ ቤት የወጣው ዕቃ ወጥ ቤት ከሸጠው ምግብ ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን፣ የተቆጣ እንግዳ በምን ቃል እንደሚበርድ ማንም አላሳያትም። የታክሲዋን እናቷ ከበርበሬው ትርፍ እየቀነሰች ትሰጣት ነበር። በመጨረሻው ቀን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጧት፤ በማግሥቱ በእርሷ ቦታ ሌላ ተማሪ ቆመ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ይዤ በሄድኩበት ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ አምጪ ይሉኛል፤ ልምዱን የማይሰጡኝ እነርሱው ሆነው ከየት ላምጣው?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስጠየቅ የኖርሁ ሰው፣ ለዚህ መልስ አጣሁ።

«ልምዱ ራሱ ደመወዝ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል የሆቴል ባለቤቶች ብቻ ሳይሆኑ ወላጆች፣ እያፈርሁ እናገራለሁ፣ የሙያ ጓደኞቼ የሆኑ መምህራንም ይገኛሉ። ይሁን፤ ቃላቸውን እንቀበል። ልምድ ደመወዝ ከሆነ፣ ሳያስተምር ያሠራ ሰው ደመወዝ ከልክሏል ማለት ነው። ሽንኩርት መላጥን ማንም አይናቅ፤ የሆቴል ሥራ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ይጀምራል እንጂ እዚያ አይቀርም። አንዱ ተማሪ ሲወጣ ሌላው እየተተካ የአንድ ሠራተኛ ቦታ ዓመቱን በሙሉ ያለ ክፍያ የሚሸፈን ከሆነ፣ ያ ቤት ሠራተኛ ከመቅጠር ዳነ እንጂ ተማሪ አልተቀበለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ ልትቀጠርበት የሚገባው ቦታ በታናናሾቿ ነጻ ጉልበት ተይዞ ይጠብቃታል።

እኛ የተማርን ሰዎች የመርካቶን ነጋዴ ፊደል ያልቆጠረ እያልን ስንንቀው ኖረናል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ከባለኮከቡ ሆቴል ይልቅ እርሱ ይሻላል። ገበያው በጣልያን ጊዜ ከአራዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ ስንት ልጅ ከጉራጌ አገርና ከሌላም ገጠር መጥቶ በዘመድ ሱቅ አደገ! መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ይላላካል፣ ጣቃ ይሸከማል። ቀጥሎ ዋጋ ይነገረዋል። ከዚያ ሚዛን ይይዛል፤ ከዚያ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ዕቁብ ይገባል። በመጨረሻ ጌታው ዕቃ በዱቤ አስይዞ በአንድ በረንዳ ላይ ያቆመዋል። ሁሉም እንዲህ አደረጉ አልልም። ባንኮኒ ላይ እያስተኙ፣ በጥፊ እያሉ፣ በባዶ እጅ ያባረሩም ነበሩ፤ ዛሬም አይጠፉም። ነገር ግን እንዲህ ያደረገውን ሰው ሰፈሩ ያውቀው ነበር፤ ስሙንም በቡና ላይ ያነሣው ነበር። የልጁ መጨረሻ ለጌታው ክብር ወይም ውርደት ይሆን ነበርና። የባለኮከቡን ሆቴል ስም በተማሪዎቹ መጨረሻ የሚመዝን ማን አለ?

ሕጉም ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ሲናገር፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ እንዲገለጥበት ያዛል። ለሙከራ የሚቀጠርም ሰው ከ60 የሥራ ቀን በላይ በሙከራ እንዳይቆይ ይኸው አዋጅ ወስኗል። ከትምህርት ቤት በደብዳቤ የተላከ ተማሪ በዚህ ውስጥ አይገባም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ጠበቆች ይከራከሩ፤ እኔ ግን ሕጉ ልምምድ ምን መምሰል እንዳለበት ሲያሳይ፣ በደብዳቤ ስለ ተላከ ብቻ ተማሪውን ከዚያ ማውጣት ተንኮል ነው እላለሁ።

«በሠለጠነው ዓለምም እንዲሁ ነው» ማለት ሐሰት ነው። በስዊዘርላንድ የሎዛን የሆቴል ትምህርት ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። ተማሪዎቹ ወጥ ቤት ገብተው፣ ትሪ ተሸክመው ይማራሉ። በዚያ አገር ግን የሆቴል ተለማማጅ በአሠሪዎችና በሠራተኞች ማኅበራት ስምምነት የተወሰነ ደመወዝ ይቀበላል። የዚያው አገር ሰው የነበረው ሴዛር ሪትዝ በአስተናጋጅነት ሲለማመድ «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርህም» ተብሎ መባረሩና፣ ኋላ በፓሪስ በስሙ የሚጠራውን ሆቴል በ1898 መክፈቱ ብዙ ጊዜ ለወጣቶች ይተረካል። ደግ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሪትዝ ታሪክ የሺህ ልጆችን የአራት ወር ጉልበት ዋጋ አይከፍልም።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ መካከል «አስተዳደር ተምሬ ትሪ አልሸከምም» የሚል አለ። እኔ ያደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ማዕድ ማቅረብና ሳሕን ማጠብ በተራ ነበር፤ የፈረንጁ ዳይሬክተር ተራ ሲደርስ እጅጌውን ሰብስቦ ያጥብ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሳቅን፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን መሳቃችን ቀረ። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲያስከፍቱ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ለአገሩ እንግዳና አሳፋሪ ነገር ነበር። ንግሥት ያላፈረችበትን ሥራ የእኔና የእናንተ ልጅ ካፈረበት ምን ይባላል?

ሌላው ስሕተት ሁሉም ዐይኑን በጥቂት በሮች ላይ መትከሉ ነው። ሒልተን በ1962፣ ሸራተን በ1990፣ ስካይላይት በ2011 ዓ.ም. ተከፈቱ፤ በየዓመቱ የሚመረቀውን ሁሉ ግን እነርሱ ሊቀጥሩት አይችሉም። በጎጃም በረንዳ፣ በሰባተኛ፣ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ያሉት ማደሪያዎችና ምግብ ቤቶች ግን መዝገብ የሚይዝላቸው፣ የወጥ ቤታቸውን ብክነት የሚቈጥርላቸው ሰው የላቸውም። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ ይህን አልሸሽግም። አንዳንዶቹም አንዲት ልጅ በሰላም ልትሠራባቸው የማይገቡ ቤቶች ናቸው፤ እነዚያን ጎረቤት ጠይቆ መለየት ያስፈልጋል።

የጎረቤቴ ልጅ አሁን ከአውቶቡስ ተራ ብዙ በማይርቅ 18 ክፍል ባለው ማደሪያ ትሠራለች። ከመጀመሯ በፊት ሥራዋና ደመወዟ በጽሑፍ ይሁንልኝ ብላ ጠየቀች፤ ባለቤቱ ሳቀ፤ ኋላ ግን ፈረመ። ሒሳቡን የሚይዘው በልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ነበር። በሁለተኛው ወር የሳሙናና የአንሶላ ማጠቢያ ወጪው ካደሩት እንግዶች ቁጥር ጋር እንደማይገናኝ አሳየችው፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉን እርሷ ትይዛለች። ባለፈው ወር፣ ከተማረችበት ትምህርት ቤት አንድ ተለማማጅ እንዲላክላቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ አርቅቃ እንዳርምላት አመጣችልኝ። ያረምሁት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። «ለተለማማጁ በወር የሚከፈል» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለው ቦታ ግን ባዶውን ነበር፤ እርሷና ባለቤቱ እስከ ዛሬ በዚያ ላይ አልተስማሙም፤ ደብዳቤውም ገና አልተላከም።