«ስለዚህ» ከየት መጣ?

ባለፈው እትም የቃል ትምህርትን የሚያወግዘውን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። ሰሞኑን ዶርም ውስጥም፣ ካፌ ሰልፍ ላይም የተወራው እሱው ነው። የጸሐፊው ወንድማችን ሐሳብ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ የአገራችን ትምህርት የታመመው ከቤተ ክህነት በወረሰው ሽምደዳ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ቤት አእምሮን ለዘመናት አስሮ የያዘ የፊውዳል ቅሪት ነው፤ ስለዚህ ግዕዙም፣ ቅኔውም፣ እነሱን የሚያጠናው የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ክፍልም ሙዚየም ይግቡና ተማሪው እንጀራ የሚያበላ ሙያ ይማር።

ብዙ ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ልናገርና እኔም መጀመሪያ ሳነበው ራሴን ነቅንቄአለሁ። እዚህ ክፍል የገባሁት ወድጄ ሳይሆን ነጥቤ ጎትቶ አምጥቶኝ ነውና «ተመርቀህ ምን ልትበላ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአክስቴ ጀምሮ እስከ ጸጉር አስተካካዩ ድረስ ጠግቤዋለሁ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ለመሆኑ ጸሐፊው የሚያወግዘውን ቤት ደጃፉን ረግጦ ያውቃል? እኔስ?

እኔ አልረገጥሁም። የማውቀውን ያህል ያወቅሁት ከአንድ ሰው አፍ ነው።

እኛ ሠፈር አንድ ሕንፃ የሚጠብቁ ሰው አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳን የተጠጋ፣ ማታ ማታ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከሰል አያይዘው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት በሄድሁ ጊዜ «ኤ» ያገኘሁበትን አንድ ድርሰት ይዤላቸው ሄድሁ፤ አካሄዴ ለመመጻደቅ ነበር። መምህሩ ከታች ቀይ ምልክት ከማድረግ በቀር አንዲት ቃል አልጻፈበትም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡትና ጣታቸውን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይኼ ‹ስለዚህ› ከየት መጣ?»

«እንዴት ከየት መጣ፣ ጋሼ?»

«ከላይ ያለው ስለ ድርቅ ያወራል። ከታች ያለው ስለ ሹማምንት ያወራል። በመኻል ‹ስለዚህ› ብለህ አሰርሃቸው። ምን አገናኛቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች የወሰድኋቸው ከሁለት የተለያዩ ሃንድአውቶች ነበር። «ስለዚህ»ን ብቻ ነው እኔ የጨመርሁት። ከጠቅላላው ድርሰት የራሴ የሆነችው ብቸኛ ቃል እሷ ነበረች ማለት ነው፤ እሷም ውሸት ሆና ተገኘች።

እኚህ ሰው ኮሌጅ አልገቡም። ይህችን ጥያቄ ከየት አመጧት? ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ቤት አይደለም። ንባብ ቤት አለ፣ ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ መጽሐፍ ቤት አለ። ወንድማችን ያወገዘው ሽምደዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች መኖሩን አልክድም። ዳዊት በቃል ይያዛል፤ ድጓው ከነዜማው ይጠናል፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ተማሪው ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አስቀድሞ ግስ ያጠናል፣ እርባታውን ይዘልቃል፣ አገባብ ይማራል። አገባብ ማለት እንግዲህ እነዚያ ትንንሾቹ ቃላት፣ «እስመ»፣ «አላ»፣ «ከመ» የሚባሉት፣ ነገርን ከነገር የሚያስሩት ናቸው። የእኔዋ «ስለዚህ» የተያዘችው በዚሁ ወጥመድ ነው።

ከዚያ በኋላ ተማሪው የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ያልነበረ ቅኔ። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ዘአምላኪየ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ዛፍ ሥር ወይም ቋጥኝ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል (ቅኔ ማሰብን «መቁጠር» ነው የሚሉት)፤ ከዚያ አስነጋሪው ወይም የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ግሱ ከሳተ ይታረማል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይፈርሳል፤ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። የሌላ ሰው ቅኔ የእኔ ነው ብሎ የመጣ ደግሞ ጉድ ፈላበት፤ ጓደኞቹ ሁሉ ያውቁታልና የዓመት መሳለቂያ ይሆናል። ሽማግሌው ሲነግሩኝ፣ «ትናንት ያልሁትን ዛሬ ብደግም የኔታ ‹ይኼማ አርጅቷል› ይሉኝ ነበር» ብለው ሳቁ።

መጽሐፍ ቤትም ቢሆን ትርጓሜው «አንድም» እያለ ነው የሚሄድ። አንድ ቃል ይነበባል፤ እንዲህ ማለት ነው፤ አንድም እንዲህ ማለት ነው። ተማሪው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ ጎን ለጎን ይዞ መሄድ ይለምዳል። እኛ ፈተና ላይ «ትክክለኛውን መልስ ክበብ» ከምንባለው ጋር አስተያዩትማ።

ታዲያ ሸምዳጁ ማነው? ሴሚስተሩ ሲያልቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈን የአምናውን ወረቀት የምናባዛ እኛ አይደለንም? ስላይዱን ከነፊደል ግድፈቱ በቃል ይዘን ፈተና ላይ ከነግድፈቱ የምንመልስ እኛ አይደለንም? ዛሬማ ያም ቀርቶ ስልካችን ራሱ አሳይመንቱን ይጽፍልናል፤ ቢያንስ ሸምዳጁ ቃሉን በአፉ ያዞረው ነበር! የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃ ለመከላከል ሲባል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያደረጉት የኔታ አይደሉም፤ እነዚያ ልጆች የኔታን በዓይናቸውም አላዩአቸው።

ወንድማችን ፈረንጅ መጥቀስ ስለሚወድ እኔም ልጥቀስለት። አውሮፓ በመካከለኛው ዘመን ሰባቱን ሊበራል አርትስ ስታስተምር ሦስቱ ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ ነበሩ፤ አራቱ ደግሞ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ጥናት። «ሊበራል» የተባሉት የነጻ ሰው እንጂ የባሪያ ትምህርት አይደሉም ለማለት ነው፤ ይህን ነውሩንም አብረን እንያዝለት። የእኛ ቤት ግሱና አገባቡ አለው፣ ሰምና ወርቅን የማጋጠም ሎጂኩ አለው፣ ማኅሌት ላይ ቆሞ ቅኔ መዝረፍ አለው፣ ግዕዝ ዕዝል አራራይ የሚባል ዜማ አለው፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚያሰላ ባሕረ ሐሳብ አለው። ጂኦሜትሪ የለውም። አለው ብዬ አልዋሽም።

በ1947 እ.ኤ.አ. ዶሮቲ ሴየርስ የተባለች እንግሊዛዊት የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ኦክስፎርድ ላይ ንግግር አድርጋ፣ ልጆቻችን ብዙ ትምህርት ይማራሉ እንጂ መማርን አይማሩም፤ ወደነዚያ ሦስቱ መሣሪያዎች እንመለስ ብላ ተከራከረች። ከ1980ዎቹ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ «ክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት» የሚል ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ይዘው ተነሥተዋል። እነሱ ከተቋረጠ ከብዙ ዘመን በኋላ ከመጻሕፍት ቆፍረው ነው የሚያወጡት። የእኛው ግን አስተማሪውም ተማሪውም ዛሬ በሕይወት አለ፤ እኛ ደግሞ ሙዚየም ይግባ እንላለን።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ እነሱም ሳይነኩ እንዳይቀሩ። የቆሎ ተማሪን ፎቶግራፍ ከነደበሎውና ከነአኩፋዳው ግድግዳ ላይ ሰቅለው «ቅርሳችን» እያሉ የሚያለቅሱ አሉ። ከመካከላቸው አንድ ጉባኤ ቃና መፍታት የሚችል ስንት ነው? ደግሞስ ያ ፎቶግራፍ የማያሳየውን እኔ ልንገራችሁ፤ ሽማግሌው የነገሩኝ ነው። በእንተ ስማ ለማርያም ሲሉ የነከሳቸው ውሻ ጠባሳ እስከ ዛሬ ባታቸው ላይ አለ። እከኩ፣ ቅማሉ፣ ረሃቡ፣ የየኔታ አርጩሜ። አብረዋቸው ከገቡት ውስጥ በተስቦ ሞቶ እዚያው የተቀበረ ልጅ አለ። «ያ ልጅ ከእኔ ይበልጥ ነበር» አሉኝና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ።

እኅታቸው ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር እንጂ አልገባችም። ቤቱ ለወንድ ነበር የተሠራው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምረው ወንዶቹን አስተምረዋል፤ ስማቸው ሲጠራ ብዙዎቻችን ኩራት ኩራት ይለናል። እኔ ግን ከኩራቱ ይልቅ ሌሎቹ ገላነሾች የት ቀሩ እላለሁ። ለእስልምና ተከታዩ ደግሞ በሩ ፈጽሞ ዝግ ነበር። ይሁንና ወሎዬው የዶርም ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። እነሱም ዘንድ ደረሳው ከሼኹ እግር ሥር ተቀምጦ ነሕው፣ መንጢቅና በላጋ ይቀራል፤ ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች እነዚያኑ ሦስት መሣሪያዎች ይዘው አጥር ለአጥር ኖረዋል። ዩኒቨርሲቲያችን አንዱንም ደጅ አላንኳኳም።

ሁለቱን ዓለም ያገናኙ ሰዎች ግን ነበሩ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ ቤት አልፈው ነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙልን። መንግሥቱ ለማ የሊቅ ልጅ ነው፤ ለንደን ተምሮ ተመልሶ የአባቱን የአለቃ ለማን ትዝታ ከአፋቸው ቀድቶ መጽሐፍ አደረገው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደግሞ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ለማተሚያ ያበቁት የሦስት ትውልድ ሥራ ነው። እኛ የአንድ ሴሚስተር የቡድን ሥራ ተጣልተን ሳንጨርስ እንበተናለን።

«ይሁን፣ ግን እንጀራ ያበላል ወይ?» የሚለው ይቀራል። በ2000 ዓ.ም. ሰባ በመቶው ተማሪ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ለማኅበራዊና ለሰብአዊ ጥናት ተብሎ ሲደለደል እኛ ገና ሕፃናት ነበርን፤ ቁጥሯ ግን ጭንቅላታችን ውስጥ ተቀምጣለች። ሰባው አዋቂ፣ ሠላሳው ትራፊ። ኢንጂነሪንግ ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ጫማው ያለቀ ጓደኛ የሌለው እጁን ያውጣ! መሐንዲስ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ድልድይ በቅኔ አይሠራም። ግን ድልድዩ የት ይሠራ፣ ለማን ይሠራ፣ የማን ቤት ፈርሶ ይሠራ የሚለው ሲነሣ፣ አንዱ ሹም ተነሥቶ «ስለዚህ» ሲል፣ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየትኛው ክፍል ነው የሚመረቀው? የእኔ ሽማግሌ ይህን መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን የሚጠብቁት በር ነው፣ ማንም አይሰማቸውም። እኔን ይሰሙኝ ይሆናል፤ ግን መጠየቁን ማንም አላስተማረኝም። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው እንጂ የሥራ ማጣቱ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ግዕዝን በመደበኛነት የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ግዕዝም በስላይድና በክበብ ምልክት ከተፈተነ ያው ሃንድአውት ነው። የምፈልገው አስነጋሪ ነው። የጻፍሁትን ፊቴ ላይ የሚያፈርስልኝ ሰው ማለቴ ነው።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን እናድርግ። ከእኛው ክፍል አራት ሆነን ተስማምተናል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። የሚመጣ ሰው ራሱ የጻፈውን አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ፤ ግጥምም፣ ድርሰትም፣ ክርክርም ይሁን። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። እኅቶች ደጃፍ ላይ አይቆሙም፤ መጀመሪያ አስነጋሪ የምትሆነውም አንዷ ናት።

ያለፈው እትም ጸሐፊም ይምጣ፤ ጽሑፉን ይዞ። አራት «ስለዚህ» ቆጥሬበታለሁ።