ለቀለም ብላችሁ ሩዝ አትሽጡ

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። ጥቁርና ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ዘንዶ የተሳለበት፣ ለሁለት የሚፈታ የፑል ዱላ ነው፤ ከነቦርሳው። «ቲቸር፣ ሩዙ ተወቅቶ ሲሸጥ ልገዛው ነው። ምን ይመስልዎታል?» ይላል። ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ። በዚያ ብር ወረታ ላይ ምን ምን እንደሚገዛ እሱም ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች።

መልሱን ለእሱ ብቻ ልጽፍለት ነበር። ግን ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ሲጠይቀኝ እሱ ሦስተኛው ልጅ ነው። ስለዚህ እዚሁ ልናገር፤ የሚቆጣም ይቆጣ።

ልጆቼ፣ እየተታለላችሁ ነው።

የሚያታልላችሁ ሻጩ ብቻ አይደለም። «የራሱ ዱላ የሌለው ምን ተጫዋች ይባላል» እያለ የሚያሾፍባችሁ ጓደኛም አለበት። ጫፉ የረገፈ ዱላ ግድግዳ ላይ አስደግፎ በየጨዋታው የሚያስከፍላችሁ ባለ ፑል ቤትም አለበት። ሦስቱ ተጋግዘው «የተሸነፍከው ዱላህ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብለው አሳመኗችሁ። ውሸት ነው!

እኔም ተታልያለሁ። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ባሕር ዳር ሄጄ የግማሽ ወር ደመወዜን የሚያብረቀርቅ ዱላ ላይ አፈሰስኩ። በሳምንቱ መጋጠሚያው ይንቀጫቀጭ ጀመር። ክረምት ሲገባ እንደ ቀስት ጎበጠ። በዚያ ዱላ ስጫወት ደጋግሞ ያሸነፈኝ ልጅ ደግሞ የሚጫወተው በፑል ቤቱ ዱላ ነበር። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ይስቃል።

እስቲ አስቡት። ሩዝ ይዛችሁ መፈልፈያ ቤት ስትሄዱ ነጋዴው የማዳበሪያውን ሥዕል አይቶ ነው ዋጋ የሚሰጣችሁ? እጁን ሰዶ ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ ይበትናል፣ ስባሪውን ያያል፣ እርጥበቱን በጥርሱ ይፈትናል። የፎገራ ልጅ ሆናችሁ ይህን ሳታውቁ ቀርታችሁ ነው? ዱላም እንደዚያው ነው የሚገዛው።

ለሚጠራጠር አንድ ምሳሌ ልስጥ። ስኮትላንዳዊው ስቴፈን ሄንድሪ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ድረስ ሰባት ጊዜ የስኑከር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሰባቱንም ያሸነፈው ከልጅነቱ ጀምሮ በያዘው፣ ዋጋው 40 ፓውንድ ገደማ በሆነ ዱላ ነው። በ2003 በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ሲሰበርበት እንጨቱን እንደ ዘመድ ነው ያዘነለት። ለምን? እጁ ለምዶታል። ልማድ ደግሞ በብር አይገዛም።

እንግዲህ ብራችሁ ትንሽ ከሆነ እንዲህ ምረጡ።

አንደኛ፣ ቀጥተኛነቱን። ዱላውን ጠረጴዛ ላይ አንከባልሎ ማየት የተለመደ ነው፤ ግን የእኛ ፑል ቤቶች ጠረጴዛ ራሱ ዘንበል ያለ ስለሆነ አትመኑት። የወፍራሙን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ፣ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ እዩ። ጉብጠት ካለው ይታያል።

ሁለተኛ፣ የሚፈታ ካልሆነ አይሻልም? ርካሽ ዱላ ቶሎ የሚበላሸው መጋጠሚያው ላይ ነው። በልኩ ብር የተገዛ ወጥ እንጨት በዚያው ብር ከተገዛ ባለ መጋጠሚያ ይበልጣል። ባጃጅ ላይ ይዞ መሄዱ ያስቸግራል፤ እውነት ነው። እግር አለ አይደል?

ሦስተኛ፣ «የስኑከር ዱላ ነው» ሲሏችሁ አትደነቁ። የስኑከር ኳስ 52.5 ሚሊሜትር ነው፤ የዱላውም ጫፍ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መደበኛው ባለ ቁጥር የፑል ኳስ ግን 57 ሚሊሜትር ነው፣ ይከብዳልም። ለእሱ ከ12 እስከ 13 ሚሊሜትር ጫፍ ያለው ይስማማል። ለሚጫወቱበት ጠረጴዛ ያልሆነ ዱላ ቢወደድ ምን ያደርጋል?

አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ። ከቆዳዋ በፊት ነጯን ኳስ እንደ ልብ ማሽከርከር አይቻልም ነበር። ጨዋታውን የለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ዱላው ጫፍ ላይ ቆዳ መለጠፉ ነው። ቆዳዋ ጠርዟ ከተንጣጣ ወይም እንደ ድንጋይ ከደረቀች ዱላው የወርቅ ቢሆንም ይንሸራተታል። አዲስ ቆዳ መለጠፍ ደግሞ ከዱላው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ጠመኔም የፑል ጠመኔ ይሁን፤ የሰሌዳ ጠመኔ ቆዳውን አይዝም። (ከክፍል ማን ማን ይወስድ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም።)

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ከእርጥበት ጠብቁት። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሁሉ ውኃ በሚሆንበት አገር፣ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ እንጨት ካልጎበጠ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ባለ ፑል ቤቶቹ ልመለስ። ወንድሞቼ፣ እነዚህ ልጆች በየጨዋታው ይከፍሏችኋል። የከፈሉት ለጠረጴዛው ብቻ አይደለም፣ ለዱላውም ጭምር ነው። በወር አንድ ጊዜ ቆዳ ቀይሩ፤ የጎበጠውን አውጡና ማገዶ አድርጉት። ይህን ብታደርጉ ኖሮ ግማሾቹ ልጆች የራሳቸውን ዱላ መግዛት ባላሰቡ ነበር።

«መምህር ሆነህ ስለ ፑል ትጽፋለህ ወይ?» የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ማታ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት ጨዋታ ቢጫወት ነውሩ አይታየኝም። ነውር የምለው እናቱ ውኃ ውስጥ ቆማ ያረመችውን ሩዝ ለዘንዶ ሥዕል ሲሸጥ ዝም ማለት ነው።

ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህንን ነው፦ «አትግዛው። ከፑል ቤቱ ዱላዎች ቀጥ ያለውን አንዱን ምረጥ፤ እሁድ ና፣ ቆዳውን አብረን እንለጥፋለን። በእሱ ለስድስት ወር ተጫወት። ከዚያ በኋላም የራሴ ያስፈልገኛል ካልክ፣ አብሬህ ሄጄ እመርጥልሃለሁ።»

«እሺ ቲቸር» ብሏል። ይመጣል አይመጣም፣ እሁድ እናያለን። ሌላም የሚመጣ ካለ ሙጫ አለኝ።