«ደህና ነኝ» ያለ ሁሉ ደህና አይደለም!

ደብዳቤውን የላከልኝ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው። «ስሜን አትጻፊው» ብሎኛል፤ አልጽፈውም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲነዳ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ድንገት የወጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገጨ። ልጁ ወደቀ፤ ወዲያው ተነሥቶ «ደህና ነኝ» አለ። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ መሃል ገብተው «ለማሳከሚያ ትንሽ ነገር ስጠውና ሂድ» አሉት። ሁለት ሺህ ብር ሰጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ በታርጋው ተከታትሎ ቤቱ ድረስ መጣ። ለካ ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ቤተሰቡም «ገጭቶ አመለጠ» ብሎ ከሷል። «ተስማምተን ነው የተለያየነው፤ ምን ላድርግ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ክፉ ሰው እንዳልሆንክ ይገባኛል። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ አስፋልት ላይ የተደረገው ስምምነት ሳይሆን ችኮላ ነው። የደነገጠ ሰው ሕመሙ ቶሎ አይሰማውም። ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ምልክት ላያሳይ ይችላል። ደግሞስ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ካሣ ምን ብሎ ይስማማል?

አሁን አትደበቅ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጠበቃ አማክርና ለፖሊስ የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገር። እኚያን ሽማግሌ ፈልጋቸው፤ መቆምህን የሚመሰክሩልህ እሳቸው ናቸው። ለኢንሹራንስህ ዛሬውኑ አሳውቅ፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የሚሰጥህ ቢበዛ አምስት ቀን ነው። ልጁንም በሽማግሌ በኩል ጠይቅ። ይሁንና ሽምግልና ልብ ያበርዳል እንጂ የፖሊስን ሥራ አይተካም።

እናንተ ሌሎቻችሁ ባለ መሪዎችም ጆሮ ስጡኝ። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ቁሙ፤ ሞተር አጥፉ፤ የአደጋ መብራት አብሩ፤ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩ። የተጎዳ ሰው ካለ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ደውላችሁ ፖሊስ ጥሩ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታን ሰው፣ እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋ በቀር፣ እየጎተታችሁ አታንሡት። ውኃም አታጠጡት። «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው። ሕዝቡ ተቆጥቶ ለሕይወታችሁ ከሠጋችሁ ደግሞ ሽሽታችሁ ወደ ቤት ሳይሆን ቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ይሁን።

ሁለት መኪና ተጋጭቶ ቆርቆሮ ብቻ ቢጎዳስ? ስድብ ከመጀመሩ በፊት ሞባይላችሁን አውጡና ጎማው የቆመበትን፣ የተጨረገደውን፣ የፍሬኑን ምልክት ፎቶ አንሡ። የሌላውን ታርጋ፣ መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንሱን ስም ጻፉ፤ የምስክር ስልክ ያዙ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጥራል፤ ጥፋቱ የዚያኛው ሾፌር ብቻ ወይም በአብዛኛው የእሱ መሆኑን ካላስረዳችሁ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ትችላላችሁ። ማስረጃው ደግሞ መኪናው ከተነሣ በኋላ አይገኝም! ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሲያነሣም አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ኢንሹራንሳችሁን ሳትጠይቁም «እኔ እከፍላለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ሦስተኛ ወገን ገብቻለሁ ብሎ የሚዝናናም አለ። ሦስተኛ ወገን እናንተ በሌላው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ነው እንጂ የራሳችሁን መኪና ጋራዥ አያስገባም።

በመጨረሻ ለእግረኛው። ገጪው አምልጦ ታርጋው ባይታወቅ እንኳ ተስፋ አትቁረጡ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለተሽከርካሪ ተጎጂ የአስቸኳይ ሕክምና መብት ሰጥቷል፤ ያልታወቀ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለገጨውም የመድን ፈንድ አለ። ስለዚህ የሐኪም ወረቀቱንና የፖሊስ ሪፖርቱን አትጣሉ፤ ካሣው የሚጠየቀው በእነሱ ነው።