የመድኑ ጣሪያና የሟች ልጆች ቀለብ

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር እንዲከፍል መደንገጉን ያነበበ ሰው፣ ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ባየ ጊዜ ልቡ ማዘኑ አይቀርም፤ በአምሳለ እግዚአብሔር የተፈጠረ ሰው ከተጨፈለቀ ቆርቆሮ አንሶ የተቆጠረ ይመስላልና። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ አደረገ ብዬ አልከስም፤ በየዓመቱ የሚከፈለው አረቦን አቅም የሌለውን ባለታክሲ እንዳያደቀው ሲል ጣሪያውን ዝቅ ማድረጉን እገምታለሁ። ጣሪያውም ከዓመታት በኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ፣ ይህ ጣሪያ የሟች ቤተ ሰብ መብት ሁሉ የሚያበቃበት ወሰን ነው ተብሎ በብዙዎቻችን ዘንድ መታመኑ ነው።

ጣሪያው የመድን ኩባንያውን ግዴታ ይወስናል እንጂ የባለመኪናውን ዕዳ አይሰርዝም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይገኝበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ በቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል፤ በቁጥር 2095 ደግሞ የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች የሚተዳደሩበትን ቀለብ በካሣ ስም እንዲጠይቁ በር ይከፍታል። ስለዚህ ኩባንያው ከከፈለ በኋላ የቀረውን ጉዳት፣ ይኸውም አባወራው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለልጆቹ ያመጣው የነበረውን እንጀራ፣ ከባለመኪናው መጠየቅ ርቱዕ የሆነ መብት ነው፤ ማንም እንደ ችሮታ ሊቆጥረው አይገባም።

ነገር ግን አደጋ በደረሰ ማግሥት የሚሆነውን እናውቃለን። የትራፊክ ፖሊስ ፕላኑን ያነሣል፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል ወጥቶ ይቀበራል፣ ድንኳኑም ገና ሳይነቀል የአሽከርካሪው ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ደም ለማድረቅ ይመጣሉ። ይህን ልማድ አከብራለሁ፤ በቀልን አስቀርቶ በሁለት ቤተ ሰብ መካከል ሰላም የሚያወርድ፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ታላቅ ሀብት ነውና። የማልቀበለው በእርቁ መጨረሻ የሚቀርበውን ወረቀት ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት፣ ዓይኗ በዕንባ እንደ ተሞላ፣ ለቀብርና ለተዝካር የሚበቃ ገንዘብ ተቀብላ፣ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም በሚል ቃል ሥር አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፤ ነፍስን ከነፍስ ለማስታረቅ የተጀመረው ቅዱስ ሥራም የዕጓለ ማውታን ቀለብ የሚያስቀር ውል ሆኖ ይፈጸማል። ያን ወረቀት ያልፈረመችዪቱም ብትሆን፣ ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ፍርድ ቤት ልሂድ ባለች ጊዜ በቁጥር 2143 በመሠረቱ የተሰጣት የሁለት ዓመት ጊዜ አልፎባት ይሆናል።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን ያልተገባለት ተሽከርካሪ የጎዳው ሰው ሜዳ ላይ እንዳይቀር ለዚሁ የቆመ የመድን ፈንድ አለ፤ ሆኖም ይህን ሳያውቁ ጉዳታቸውን ታቅፈው ቤታቸው የሚቀሩ አሉ። ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶችም ልብ ይበሉ፤ የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠብቀው ሌላውን ሰው ስለሆነ፣ በራሳቸው ጥፋት ወድቀው እግራቸው ቢሰበር ከዚያ ውል ሰባራ ሳንቲም አያገኙም፤ ለራሳቸው አካል ሌላ ዋስትና መግዛት ይኖርባቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2116 ነው። በዚያ አንቀጽ ስለ ሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ያ ገንዘብ ቁም ነገር ነበረ፤ ዛሬ ግን ልጇን ያጣች እናት ይህ ብያኔ በችሎት ሲነበብላት ከማጽናናት ይልቅ ሐዘኗን ያብስባታል። የመድኑን ጣሪያ ከፍ ማድረግ የቻሉ ሁሉ ይህንም አንቀጽ ያሻሽሉት ዘንድ፣ እስከዚያም ድረስ ለእርቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቶች ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው በሐዘንተኛዪቱ ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብበው፣ የልጆቹም ቀለብ በእርቁ ቃል ውስጥ ለብቻው እንዲጻፍ ያደርጉ ዘንድ አጥብቄ እለምናለሁ።