ከተራራ ስለ መጣ አሮጌ ጥድና በሳሕን ስለሚያዝበት ጥበብ

የጃፓን ሰዎች ቦንሳይ የሚሉት ቃል ሲተረጐም በሳሕን የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡን መጀመሪያ ያገኙት ከቻይና ነው፤ ነገር ግን በጃፓን አገር ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ የራሱን መልክ ያዘ። ሥራውን በቅርብ ያላየ ሰው ዛፍን አስርቦ ድንክ ማድረግ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። በሳሕን ያለ ዛፍ ውሃና ፀሐይ ማዳበሪያም ቢጐድልበት ይሞታል እንጂ አያምርም። ቁመቱ የሚወሰነው ሥሩና ጫፉ በየጊዜው በልክ ስለሚከረከም ነው።

ዛሬ የምንናገረው ከዘር ተዘርቶ በአትክልት ስፍራ ስላደገው ሳይሆን ከተራራ ተነቅሎ ስለሚመጣው አሮጌ ጥድ ነው። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ዛፍ ያማዶሪ ይሉታል፤ ከተራራ የተወሰደ ማለት ነው። ጥድ በማለታችንም አንባቢ የአገራችንን ጥድ እንዳያስብ ያስፈልጋል። የእኛ ጥድ ፍሬው ትንሽ ሰማያዊ እንክብል የሚመስል ሲሆን ሊቃውንት ከሌላ ወገን ይቈጥሩታል። የጃፓኑ ነጭ ጥድ ግን ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ሆኖ አምስት አምስቱ ከአንድ ቦታ በአንድነት ይወጣል፤ ስለዚህም ጎዮማትሱ ማለት ባለ አምስት ቅጠል ጥድ ተባለ።

በተራራ ጫፍ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ጥድ አፈሩ እፍኝ የማይሞላ ነው። በረዶ ይጫነዋል፥ ነፋስ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይመታዋል፥ አንዳንድ ጊዜም መብረቅ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መቶ ዓመት ኖሮ ቁመቱ ከአንድ ሕፃን ቁመት የማይበልጥ ይገኛል። ግንዱ ተጣሞ፥ ከፊሉ ደርቆ፥ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ብራና ተሰነጣጥቆ ይታያል። ይህን መልክ ማንም ባለሙያ በእጁ ሊሠራው አይችልም። የባለሙያው ፈንታ ተራራው የሠራውን አለማበላሸት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚስተውም በዚህ ነው።

ዛፉን ለማንሣት አስቀድሞ የቦታውን ባለቤት ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። በጃፓን በተጠበቁት የመንግሥት ፓርኮች ውስጥ መንቀል የተከለከለ ነው፤ ከዚህም የተነሣ በዛሬው ጊዜ አብዛኛው ዛፍ በአትክልተኞች ዘንድ የሚያድግ እንጂ ከተራራ የሚመጣ አይደለም። ፈቃድ ከተገኘም ጊዜው ብርዱ አልፎ እምቡጡ ገና ሳይፈነዳ ነው። በጥድ ሥር ዙሪያ የእንጉዳይ ወገን የሆነ ቀጭን ነጭ ድር አለ፤ ለዛፉ ከአፈር ውስጥ ውሃና ምግብ ያቀብለዋል፥ ዛፉም በበኩሉ ይመግበዋል። አሮጌውን አፈር ለንጽሕና ብሎ በውሃ አጥቦ የሚጥል ሰው ይህን ረዳት አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ዛፉ ከነአፈሩ በሰፊ የእንጨት ሣጥን ይቀመጣል፤ በዙሪያውም ውሃ የማይቋጥር ሻካራ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይሞላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እግሩ ታጥቦ ሳያርፍ ጉዳዩን አይጠየቅም፤ ዛፉም እንደዚሁ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት፥ አንዳንዱም ከዚያ የበለጠ፥ ሳይነካ ይቈያል። ጥድ በዚህ ረገድ አታላይ ነው፤ ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳ ቅጠሉ ለብዙ ሳምንት ለምለም መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቅጠሉን አይቶ ድኗል ማለት አይበቃም። አዲስ ቡቃያ በብርታት ሲያወጣ፥ ያም በተከታታይ ዓመት ሲደገም፥ ያን ጊዜ ሥር ሰደደ ይባላል። በተራራ ሁለት መቶ ዓመት የኖረውን ዛፍ በአንድ ወር ችኰላ የገደሉት ሰዎች ብዙ ናቸው።

ቅርጽ የማስያዙ ቀን ሲደርስም የመጀመሪያው ሥራ መቀስ ማንሣት አይደለም። በግንዱ ግርጌ ያለው አፈር በቀስታ ተጠርጎ ሥሩ መሬቱን እንዴት እንደ ያዘ ይታያል። ከዚያ በኋላ ዛፉ እየዞረ እየተጋደመም ይመረመራል፤ ፊቱ በየት በኩል ነው? ግንዱ ወዴት ይሄዳል? የተራራው ነፋስ ከወዴት መታው? እነዚህ ሳይታወቁ የተቈረጠ ቅርንጫፍ አይመለስም።

ዋናው ችግር እነሆ። አሮጌ ጥድ ቅጠሉን የሚይዘው በረጅም ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ከግንዱ እስከ ጫፉ ያለው ባዶ እንጨት ነው። ከሌላው ዛፍ ብዙው ቢቈረጥ ከባዶው እንጨት ያቈጠቍጥ ይሆናል፤ ጥድ ግን ቅጠል ከሌለበት አሮጌ እንጨት እንደገና አያቈጠቍጥም ማለት ይቻላል። ቅጠሉ በሙሉ የተወሰደበት ቅርንጫፍ ይሞታል። ስለዚህ ለማሳጠር መቍረጥ አይቻልም፤ የሚቻለው ረጅሙን ቅርንጫፍ አጥፎና ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ግንዱ ማቅረብ ብቻ ነው።

ይህም ከመኸሩ መጨረሻ አንሥቶ የክረምቱ ብርድ እስኪያልቅ ድረስ ባለው ጊዜ ይደረጋል። ራፊያ የሚባል ከዘንባባ ወገን የሚገኝ ቃጫ በውሃ ይነከርና በቅርንጫፉ ላይ እንደ ቍስል መጠቅለያ ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። በላዩም በእሳት ግሎ የለዘበ የመዳብ ሽቦ እንደ ሐረግ ዘወርዋራ ሆኖ ይዞራል፤ ውፍረቱም የቅርንጫፉን ውፍረት ሢሶ ያህል ቢሆን ይበቃል። ከዚህ በኋላ በሁለት እጅ ተይዞ በቀስታ እየተጠመዘዘ ይታጠፋል፤ ዝም ብሎ ከታጠፈ ይሰበራል፥ እየተጠመዘዘ ከታጠፈ ግን ይታዘዛል። ባለሙያው ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ይሠራል፤ እንጨቱ ጠቅ ሲል ያቆማል። በጣም የወፈረውን ቅርንጫፍ በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ ሽቦ አስሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይስበዋል። ሽቦውም ቅርፊቱን መንከስ ሳይጀምር ሊፈታ ይገባዋል፤ የተነከሰ ቅርፊት ጠባሳው ለብዙ ዓመት አይጠፋምና።

የደረቀውንም እንጨት በተመለከተ ጃፓኖች የደረቀውን ቅርንጫፍ ጂን፥ በግንዱ ላይ ያለውን ራቍት እንጨት ሻሪ ይሉታል። እንዳይበሰብስና ነጭ እንዲሆን የኖራና የድኝ ውሕድ ይቀባል፤ ሽታው የተበላሸ እንቍላል ስለሚመስል ሥራው ከሳሎን ርቆ ቢደረግ ለቤተ ሰቡ ይሻላል። በ1940 ዓመተ ምሕረት የተወለደው ማሳሂኮ ኪሙራ (እዚህ የተጻፈው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) የደረቀውን እንጨት በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየቀረጸ ዓለምን አስደንቋል። እጁ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የእርሱ እጅ የሌለው ሰው መሣሪያውን ብቻ ይዞ ቢነሣ ከዛፍ ይልቅ የወንበር እግር ሠርቶ ይገኛል። በጥድም ላይ መብረቅ ያደረቀውን መተው በሰው እጅ ከማድረቅ የበለጠ ያምራል።

ቅርጽ በያዘበት ዓመት ዛፉን ወደ ሳሕን ማዛወር አይገባም፤ ለአንድ ዓመት አንድ መከራ ይበቃዋል። ሲዛወርም ከአሮጌው አፈር እኩሌታው ብቻ ይነሣል፥ የቀረው ከዓመታት በኋላ ይደርሳል።

እንዲህ ሲቈጠር የጀመረው ሰው መጨረሻውን እንደማያይ ግልጥ ነው። በቶክዮ ቤተ መንግሥት የሦስተኛው ሾጉን ጥድ የሚባል ዛፍ አለ፤ እስከ 1651 የገዛው የቶኩጋዋ ኢየሚትሱ ነበረ ይባላል፥ ዕድሜውም ከ500 ዓመት በላይ እንደ ሆነ ይገመታል። ከገዥ ወደ ገዥ፥ ከአትክልተኛ ወደ አትክልተኛ ተላልፎ እስከ ዛሬ ውሃ ሳይቋረጥበት ኖሯል።

በሂሮሺማም ያማኪ የሚባሉ ቤተ ሰብ ከ1625 ጀምሮ በሳሕን የተያዘ አንድ ነጭ ጥድ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርስ ነበራቸው። ኦገስት 6 ቀን 1945 አሜሪካኖች የአቶም ቦምብ በከተማዋ ላይ ሲጥሉ ቤታቸው ከፈነዳበት ስፍራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። የቤቱ መስተዋት ተሰባብሮ ሰዎቹን አቈሰላቸው፤ ዛፉ ግን ከአጥር ግንብ ጀርባ ቆሞ ስለ ነበረ ተረፈ። በ1976 አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበትን 200ኛ ዓመት ስታከብር የጃፓን ሰዎች 53 ዛፎች ስጦታ አድርገው ላኩ፤ የቤቱ አለቃ ማሳሩ ያማኪም ያን ጥድ ከመካከላቸው ሰጠ። ዛፉ ከየት እንደ ተረፈ በሰፊው የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቹ ሊያዩት ወደ ዋሽንግተን በመጡ ጊዜ ነው። ጥዱ አሁንም በዚያው ከተማ በመንግሥቱ የዛፎች አትክልት ስፍራ ቆሟል፤ ጠባቂዎቹም ፀሐይ በሁሉም ወገን እንድታገኘው በየጊዜው ያዞሩታል።