ሸማው የማን ነው?



በዓል በመጣ ቁጥር ነጠላ አጣፍተን «ይህ ነው የኢትዮጵያዊነት ልብሳችን» እያልን እንመጻደቃለን። ልብሱን ማን እንደ ሠራው ግን የሚጠይቅ የለም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ጥቂት የተራመደ ሰው ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። በዚያ ሰፈር መወርወሪያውን የሚወረውረው አብዛኛው ሸማኔ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጣ ነው። ሰፈሩ የሚጠራበት ጉለሌ ደግሞ የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን በዚሁ ግቢ ተማሪ ሳለ፣ ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራና የትግሬ ሸማ መልበስ ግድ ሆኗል ሲል ከሶ ጽፎ ነበር። ክሱ እውነት ነበረበት፤ በግድ የሚጫን ነገር አንድነት አይባልም። ነገር ግን ሸማውን የአማራና የትግሬ ሲል ሸማኔውን እርሱም ረሳው።

እኛስ? የሠራልንን ለብሰን ሠሪውን «ቁጢት በጣሽ» ስንል የኖርን ነን። ልብሱን ብሔራዊ አደረግን፤ ሰውየውን ናቅን። በየመድረኩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩን ማን እንዳደራው ግን አንጠይቅም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በከተማችን ምዕራብ ዳር፣ በቡራዩ፣ ጋሞዎች በማንነታቸው ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሰውም ተፈናቀለ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በዚያ በሚኖረው ኦሮሞ ላይ ሊበቀል ተነሣ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን ርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበርክከው አስቆሙት። ኢትዮጵያዊነትን ከዚህ አብልጦ ያስተማረን መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ በየመኝታ ክፍላችን ሁለት ወገን ይሟገታል። አንደኛው «ብሔር አትጥሩብን፤ ሁላችን አንድ ነን» ይላል፤ አንድ ሲል ግን «እኔን ምሰሉ» ማለቱ ነው። ሁለተኛው «ሁሉም በየክልሉ» ይላል። ታዲያ ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ያደገውን የሸማኔ ልጅ ወዴት ሊሰደው ነው? አባቱ ጋሞ፣ እናቱ ኦሮሞ የሆነችውንስ በየት በኩል ሊቆርጠው ነው?

ድር ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፤ ማግም ብቻውን አይሆንም። ሆኖም ድሩን ማግ ካልሆንህ ያለው የለም፤ ማጉንም ከድሩ ውጣ ያለው የለም።

የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ስድቡ ከአፋችን ይውጣ። የሸማኔው ልጅ በአባቱ ቋንቋ ሲናገር አይሳቅበት። በሚመጣው በዓል ነጠላህን ስታጣፋም «ይህን ማን ሠራው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን መስማት ካሳፈረህ ግን ስለ አገር አንድነት ንግግር ለማድረግ አትነሣ።